ሃያኛዋ ጥይት

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ጥይት ማለት ለእኔ ሠርግ ላይ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ እንጂ በእጅ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ይክበድ ይቅለል፣ ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም። በአንዲት ቅዳሜ ግን ጧት ሰፌዴ ላይ አገኘሁት፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ደግሞ የሰው ነፍስ ይዞ ሊሄድብኝ ነበር። ወላሂ፣ ዛሬም ገብስ ሳበጥር ጆሮዬ ይቆማል።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ከድጃ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሙ አጎቴ ይማምና ሚስታቸው አክስቴ ዘሃራ ናቸው። ቤታቸው ደሴ ዙሪያ ነው፣ ከገራዶ ትንሽ ከፍ ብሎ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከአጎቴ ልጆች ደብተር ላይ ተደብቄ ነው፤ ንባብ የቀናኝ ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካ ከተቀጠርኩ በኋላ፣ ከካርቶን ላይና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። የመድኃኒት ብልቃጥም ቢሆን፣ የሞተ ሰው ማስታወቂያም ቢሆን አነባለሁ።

የምኖረው ከወፍጮ ቤት ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳ የምንጋራው ከአስካል ጋር ነው። አስካል የፋብሪካ ባልደረባዬ ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሜላት የምትባል ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻቸው። ለፋሲካ የእኔን ድርሻ ዶሮ ለብቻ በሙስሊም አሳርዳ የምታመጣልኝ እሷ ናት። ከዚህ በላይ ስለ ጉርብትናችን ምን ልበላችሁ?

በዕረፍት ቀኔ ደግሞ ቆሎ ቆልቼ ፋብሪካው በር ላይ እሸጣለሁ። ገብሱን በየዓመቱ አክስቴ ዘሃራ ይልኩልኛል። ያን ዓመት ዓርብ ዕለት በሚኒባስ ጣሪያ ተጭኖ መጣ፤ ከመምጣቱም ቀድመው ደወሉ።

«ከድጃዬ፣ የቤቱን ነቀዝ በልቶታል። የላክሁልሽ ከዘሩ ነው፤ ከነጆንያው። አንድ እንክርዳድ አታገኚበትም።»

«ዘር? አጎቴስ?»

«እሳቸው ምኑን ያውቁታል! እስኪዘራ እተካዋለሁ። አብሽሪ፣ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ።»

በእኛ አገር ከገጠር የመጣ ነገር ለጎረቤት ሳይቀመስ ጆንያው ተመልሶ አይታሰርም። እኔም ያንኑ ዕለት የጆንያውን አፍ ፈትቼ አንድ ጣሳ ለአስካል ሰጠኋት። ከላይ ከላዩ መስጠት ደስ አላለኝም፤ አቧራ አለው። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ፣ ከመሐሉ ንጹሑን ዘግኜ፣ ጣሳውን ሞልቼ ሰጠሁ። ይቺን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ጧት ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ማበጠር ጀመርኩ። ሦስተኛው ሰፌድ ላይ «ቅጭል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ መስሎኝ ልጥለው ሳነሣው ቢጫ ነው፣ ረዥም ነው፣ ጫፉ ሹል ነው። የልብስ ስፌት መኪና ዕቃ መሰለኝ እኮ! ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛ ሲመጣ ጥይት መሆኑ ገባኝ። ሰፌዱን በነጠላዬ ሸፍኜ ጆንያውን እየጎተትኩ ወደ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። አሮጌ የሽርጥ ቁራጭ አገኘሁ፤ ቋጠሮው በመንገድ መንገጫገጭ ተፈትቷል። የቀሩት ግማሹ ጨርቁ ውስጥ፣ ግማሹ ገብሱ ውስጥ ተበትነው ነበር። ጆንያውን እስከ ታች በረበርኩት። ሁሉንም አልጋዬ ላይ ደርድሬ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ።

አጎቴ ይማም ምንሽር ጠመንጃ እንዳላቸው አውቃለሁ። ከአባታቸው የወረሱት ነው፣ ፈቃድም አለው። ግድግዳ ላይ ባዶውን ተሰቅሎ እያየሁ አድጌያለሁ። ጥይቱ የት እንደሚቀመጥ ግን ማንም አያውቅም ነበር፣ አክስቴም ጭምር። ደወልኩላቸው።

«አጎቴ፣ አማን ነው? ያ ገብስ… ውስጡ…»

«ሽሽሽ!» አሉ፣ እንደ እባብ። «የትኛው ገብስ? የዘሩ?»

«አዎ። ውስጡ አሥ…»

«በስልክ አታውሪው! ገብስ በይ ብቻ። ገብሱ እንደሄደው ይመለስ። ዛሬውኑ አምጪው፣ ማንም ሳያይ።»

ዘጉት። ቁጥሩን እንኳ ሳልጨርስ። ያቺ ያላስጨረሱኝ ቃል ስንት ሰዓት እንዳስከፈለችን ወደፊት ታያላችሁ።

ጥይቶቹን በሽርጡ ቋጥሬ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩ፤ በላዩ ላይ ተቆልቶ የቆየኝን ቆሎ አፈሰስኩና የደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሴት ብልሃት መሆኑ ነው! ረዳቱ ጢሙ የሸበተ፣ ቀልደኛ ሰውዬ ነበር። ዘንቢሌን ገና ሲያይ ሳቀ።

«እህት ዓለም፣ ቆሎ ይዘሽ ዝም? ወሎ መሆንሽን በምን እንመን?»

መልስ ሳልሰጠው እጁን ሰደደ። ያ አላህ! አንድ እፍኝ ዘግኖ አወጣና አፉ ውስጥ ጨመረው።

«ማሻአላህ፣ የዘር ገብስ ነው» አለ እያላመጠ። «እንዲህ ያለ ነገር መሬት አይቀመጥም፣ ይረገጣል።» ብሎ ዘንቢሉን ከእጄ ወስዶ ከሾፌሩ አጠገብ ካለው የሞተር ክዳን ላይ አስቀመጠው። እዚያ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ እግሩን ዘንቢሉ ላይ ዘረጋ።

ዳገቱን ስንወጣ ዓይኔ ከዚያ ዘንቢል አልተነሣም። ሞተሩ ይጋላል። ልጁ ቆሎ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመ ይበላል። ጥይት በሙቀት ይፈነዳ አይፈነዳ እኔ ምን አውቄ? «ዘንቢሌን መልስልኝ» እንዳልል፣ ምን ሆነሽ ቢለኝስ?

ደሴ ሳንደርስ ኬላ ላይ ቆምን። «ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ! ዕቃችሁን ያዙ!» ተባለ። ዘንቢሌን አንሥቼ ተሰለፍኩ። ፈታሿ ወፍራም፣ ፊተ ብሩህ ሴት ነበረች። ዘንቢሌን ከፈተች፣ አየች፣ ፈገግ አለች።

«ቆሎ ነው? እለፊ።»

አለፍኩ። በቃ፣ አለፍኩ! አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ መኪናው ስሄድ ግን የኬላው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ደግሞ ሳላነብ አላልፍም አላልኳችሁም? ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ፣ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ፣ ለሌላ አሳልፎ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል ይላል። ቀና ስል ረዳቱ «ግቢ፣ ግቢ!» እያለ ዘንቢሌን ተቀብሎ ያንኑ ቦታ፣ ልጁ እግር ሥር ሊያስቀምጥ እጁን ሲዘረጋ አየሁ።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ስጠኝ። እናንተ ሂዱ።»

ተመልሼ ፈታሿ ፊት ቆምኩ። «እህቴ፣ ከቆሎው ሥር ጥይት አለ» አልኳት።

የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ጉዳዩን የያዘው እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ፣ ቀጭን ሃምሳ አለቃ ነበር። ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«አልፈሽ ነበር እኮ።»

«አልፌ ነበር።»

«ታዲያ ምን መለሰሽ?»

«ሞተሩ ላይ ሕፃን ነበረ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጆንያውን፣ ሽርጡን፣ ስልኩን። የአክስቴን ምስጢር ሳይቀር።

«በሞተር ሙቀት እንኳ አይፈነዳ ይሆናል» አለኝ። «እሳት ውስጥ ከገባ ግን ወዴት እንደሚሄድ አይነግርሽም። ስሚኝ እህቴ፤ አጎትሽ ፈቃድ ካላቸው ፈቃዱ የእሳቸው ነው። አንቺ እጅ ሲገባ ሕገ ወጥ ነው። ማንቀሳቀስ ያለባቸውም ባለፈቃዱ ራሳቸው ናቸው፤ ፈቃዳቸውን ይዘው፣ አሳውቀው፣ መሣሪያውን ለብቻ ጥይቱን ለብቻ አድርገው። ከሕዝብ ጋር በሚኒባስ፣ ከቆሎ ሥር አይደለም። ይጠሩ።»

አጎቴ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደረሱ። ጥምጥማቸውን አሳምረዋል፣ የዱዓ መቁጠሪያ ሙስበሃቸው እጃቸው ላይ ነው፣ ፈቃዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው በጉያቸው ይዘዋል። ሲገቡ እኔን አላዩኝም፤ ወይም ማየት አልፈለጉም።

«አባቴ፣ ይቀመጡ» አላቸው ሃምሳ አለቃው። «ለመሆኑ ጥይት በገብስ ጆንያ ውስጥ ማስቀመጥን ማን አስተማረዎት?»

«ልጄ፣ ጠመንጃና ጥይት አንድ ላይ አይቀመጥም ያላችሁን እናንተ ናችሁ!» አሉ ኮራ ብለው። «እኔም ለየሁ። ገብስ ደረቅ ነው፣ ዝገት አያስነካም። ደግሞ ዘር ነው። ሰው ቢርበው በሬውን ይሸጣል እንጂ ዘር ይነካል? ከዚያ የተሻለ መቆለፊያ የት አለ?»

ሃምሳ አለቃው ሊስቅ ነበር፣ ያዘው። «መለየትዎ ደግ። የተቆለፈ ሳጥን ማለታችን ነበር። እስቲ ስንት ነው የተመዘገበልዎ?»

«ሃያ።»

ሁለት ሁለቱን እያስጠጋ ቆጠረ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ የመጨረሻዋ ብቻዋን ቀረች። «አሥራ ዘጠኝ።»

«ሃያ ናት» አሉ አጎቴ። «በዓመት ሁለቴ አውጥቼ እወለውላታለሁ። ተኩሼባት አላውቅም። ሃያ ናት።»

ያኔ ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ያ ሳቅ የለም። «እህቴ፣ ሸጠሽም ከሆነ፣ ለሰው ሰጥተሽም ከሆነ አሁን ተናገሪ። ከዚህ በኋላ ስታወሪ ሌላ ነገር ነው።»

«ለማንም አልሰጠሁም! ወላሂ ለማንም…»

አፌ ላይ ቀረ። ለማንም አልሰጠሁም? ጣሳው። ከመሐሉ፣ እስከ ክርኔ አስገብቼ የዘገንኩት።

«አስካል» አልኩ። «አስካል ትቆላዋለች።»

ስልኳ ላይ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ፣ ሦስቴ። የማታ ፈረቃ ስለነበረች እስከ ቀትር ትተኛለች፤ ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው እሳት ማንደድ ነው። ሃምሳ አለቃው ኮምቦልቻ ላሉ ባልደረቦቹ ደወለና ወደ እኔ ዞረ፤ «ቤቱ የት ነው?»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር።»

«ኮምቦልቻ ስንት ወፍጮ ቤት፣ ስንት አረንጓዴ በር አለ! ተነሡ።»

ፒካፕ ውስጥ ገባን። ጧት በእንፉቅቅ የወጣሁትን ዳገት ቁልቁል ስንበር ዓይኔ ፊት የምትታየኝ ያቺ አንዲት ምጣድ ብቻ ናት። አስካል ምጣዱ ላይ አጎንብሳ፣ ሜላት ጀርባዋ ላይ ታዝላ። አጎቴ ከጎኔ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ያጉተመትማሉ።

«ዘር እኮ ነው ከድጃ! ዘር እንዴት ከቤት ይወጣል?»

«አክስቴ ናቸው የላኩልኝ። የቤቱን ነቀዝ በላው።»

«ሳትነግረኝ?»

አስቤበት አልነበረም፤ አመለጠኝ። «እርስዎስ ጥይቱ እዚያ እንዳለ ነግረዋቸዋል?»

እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። አልተቆጡም። ሙስበሃው ግን እጃቸው ላይ ቆመ፤ ኮምቦልቻ እስክንገባ አንድ ፍሬ አልቆጠሩም።

አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ የቆሎ ሽታ እስከ ውጭ ደርሷል። በሩን ገፍቼ ገባሁ። አስካል ደጇ ላይ፣ ከሰል ምድጃ ፊት ተቀምጣ ገብሱን ታማስላለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም።

«አስካል! ተነሺ! ከእሳቱ ራቂ!»

«በስማም! ምን ሆንሽ? ፖሊስ ነው ይዘሽብኝ የመጣሽው?»

ሃምሳ አለቃው ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት፤ የልብስ ማጠቢያ ባልዲዋን አነሣና እሳቱ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ግቢውን ሞላው። አስካል «ቆሎዬ!» ብላ ጮኸች፤ ስለ ጥይቱ ስነግራት ግን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሃምሳ አለቃው ምጣዱን አውርዶ በእንጨት እየበተነ ፈለገ። ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ። ጥይት የለም።

«ይሄ ብቻ ነው? ሌላ ምጣድ ቆልተሻል?»

«የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉንም አፈሰስኩት… ከጣሳው ሥር ትንሽ ብቻ ነው የተውኩት።»

«ጣሳው የታለ?»

አስካል አፏን ስትከፍት እኔ ሰማሁት። ጧት ሰፌዴ ላይ የሰማሁት ያው ድምፅ ነው፤ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ከቤቷ ውስጥ።

ሜላት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ በጨርቅ የታሰረ አፍ ያለውን ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ ትንጣለች። ስትንጠው ትስቃለች፤ ስትስቅ ሁለቱ ጥርሶቿ ይታያሉ። መሬት ላይ ሁለቴ ቀጠቀጠችው።

የቀደሙት አጎቴ ይማም ነበሩ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሄደው ፊት ለፊቷ በርከክ አሉ።

«የኔ እናት» አሏት። «ለአያትሽ አትሰጪም?»

ጣሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ላልቅስ የሚል ከንፈር አሳየቻቸው። አጎቴ ሙስበሃቸውን አንሥተው ፊቷ ላይ አንጠለጠሉት፤ ዘጠና ዘጠኙ ፍሬ ተንሿሿ። ሜላት ሙስበሃውን አየች፣ ጣሳውን አየች፣ አሰበችበት። ከዚያ ጣሳውን ለቀቀችና ሙስበሃውን ያዘች።

ጨርቁን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። እፍኝ የማይሞላ ገብስ። መሐሉ ላይ ሃያኛዋ።

«አላስሠራ ብላኝ እኮ ነው» አለች አስካል እያለቀሰች። «ደስ የሚል ድምፅ አለው ብዬ ነው አፉን አስሬ የሰጠኋት…»

ነገሩ በዚያው አለቀ አልላችሁም። ጥይቶቹ ተያዙ፣ ቃላችንን ሰጠን፣ አጎቴም ከፈቃዳቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ በማስጠንቀቂያ ታለፉ፤ ጥይቱም አቀማመጣቸው ታይቶ ተመለሰላቸው። ለዚህ የረዳን በራሴ እግር ተመልሼ መናገሬ እንደሆነ ሃምሳ አለቃው ነግሮኛል። ያን ጊዜ አልፌ ብሄድ ኖሮ፣ አጎቴ ቤት ደርሼ ቋጠሮውን ለማንም ሳላሳይ ብሰጣቸው ኖሮ፣ ሃምሳ አለቃ የለ፣ ፒካፕ የለ፤ ሃያኛዋን ፍለጋ በሚኒባስ ተራ ስንጠብቅ ሜላት ምን ትሆን እንደነበር አላህ ያውቃል።

አንባቢዎቼ፣ እኔን የለወጠኝ ፍርሃቱ አይደለም። ፍርሃት ያልፋል። ያስተዋልኩት ሌላ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። አጎቴ ጠመንጃና ጥይት ለዩ ስለተባሉ ለዩ። አክስቴ ከፍቅራቸው የተነሣ ምርጡን ላኩ። እኔም ጎረቤቴን ከመሐሉ ንጹሑን ልስጣት ብዬ ነው። ሁላችንም ደግ ሠራን፤ አንዳችን ለአንዳችን ግን አልተናገርንም። ሕጉ «በተቆለፈ ቦታ፣ በባለፈቃዱ እጅ» ሲል ድሮ የሚያስቸግረን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ እንደ እኔ ቆሎ የምትቆላን ሴት አስቦ የተጻፈ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬም ፋብሪካው በር ላይ ቆሎ ስሸጥ፣ የገጠር ዘመድ ያላትን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ጥይቱስ የት ነው?» ይስቁብኛል። አንዳንዷ ግን በሳምንቱ ተመልሳ «ጠየቅኋቸው እኮ» ትለኛለች።

ቆሎዬ አሁንም ከዚያው ከአክስቴ ገብስ ነው። አስካልም ከመሐሉ ትሰጪኛለሽ ወይ እያለች ትቀልድብኛለች፤ ሜላት ሙስበሃውን አልመልስም ብላ የእሷ ሆኖ ቀርቷል።

አጎቴ ይማም በዚያው ወር ደሴ ወጥተው ሁለት ጓጉንቸር የሚገባበት የብረት ሳጥን አሠሩ። ጥይቱን እዚያ ውስጥ አስገቡት፤ አክስቴ ዘሃራን ጠርተው ፊታቸው ቆጠሩላቸው፤ ሃያ። ከዚያ ሁለቱንም ቆለፉና አንዱን ቁልፍ ለራሳቸው ያዙ፣ አንዱን ለአክስቴ ሰጧቸው።